ጥያቄ ያልተጠየቀበት ውሳኔ፦ በሥራ ቦታ ሒሳዊ አስተሳሰብን ማዳበር

ሰው በሥራ ገበታው ላይ ሳለ በየዕለቱ ትንሽም ትልቅም ውሳኔ ያሳልፋል። ነርሷ የታማሚዋን ሁኔታ ለሐኪም ልታሳውቅ ወይም ጥቂት ልትጠብቅ ትወስናለች፤ የጭነት መኪና ሹፌሩ ድካም እየተሰማው መንገዱን ሊቀጥል ወይም ሊያርፍ ይወስናል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ያልተመጣጠነውን ቁጥር ሊመረምር ወይም ሊያልፈው ይወስናል። አብዛኞቹ ውሳኔዎች በልምድ ይከናወናሉ፤ ክፋትም የለውም። አደጋው የሚመጣው ልምድ የማይበቃበት ጉዳይ ገጥሞን ሳለ በልምድ ስናልፈው ነው።

ሒሳዊ አስተሳሰብ የሚባለው ክህሎት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ይህ ማለት ሁሉን መንቀፍ ወይም በሁሉም ነገር መጠራጠር ማለት አይደለም። አንድን ሐሳብ ከመቀበላችን በፊት ማስረጃውን መመዘን፣ ከበስተጀርባው ያለውን ግምት አውጥቶ ማየት፣ የተለየ አመለካከት ያለውን ሰው ማዳመጥ እና አዲስ መረጃ ሲገኝ ውሳኔን ለመለወጥ ዝግጁ መሆን ማለት ነው። ክህሎቱ በትምህርትና በልምምድ የሚገኝ እንጂ በተፈጥሮ ብቻ የሚታደሉት አይደለም።

ይህን ለመረዳት ከኢትዮጵያውያን ልብ የማይጠፋውን፣ ከዳላስና ፎርት ዎርዝ ከተሞችም ጋር የተሳሰረውን የቦይንግ 737 ማክስ ጉዳይ እንመልከት። ሁለቱ አደጋዎች ከደረሱባቸው ቀናት በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጉዳዩ አመጣጥ

በሐምሌ 2011 ዋና መሥሪያ ቤቱ ፎርት ዎርዝ የሆነው የአሜሪካን አየር መንገድ በአንድ ጊዜ 460 አውሮፕላኖችን ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። ከእነዚህ ውስጥ 260ዎቹ የተፎካካሪው የኤርባስ ነበሩ። ቦይንግ ገበያውን ላለማጣት ሲል አዲስ አውሮፕላን መንደፉን ትቶ ነባሩን 737 ትልልቅ ሞተር ለመግጠም ወሰነ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ መቀመጫውን ዳላስ ያደረገው ሳውዝዌስት አየር መንገድ የአዲሱ ሞዴል የመጀመሪያ ደንበኛ ሆነ።

ትልልቆቹ ሞተሮች ከክንፉ ወደ ፊት ቀደም ብለውና ከፍ ብለው በመገጠማቸው አውሮፕላኑ በአንዳንድ ሁኔታዎች አፍንጫውን ወደ ላይ የማቅናት ዝንባሌ አሳየ። ይህን ለማረም አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚገፋ «ኤምካስ» የተባለ ሥርዓት በሶፍትዌር ተጨመረ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን ተከስክሶ 189 ሰዎች አለቁ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውንና ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድን ጨምሮ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ።

ከዚህ በመነሣት ማንኛውም ሠራተኛ ከመወሰኑ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎችን እንመልከት።

አንደኛ፦ ማስረጃው ከስንት ምንጭ መጣ?

በአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ ነፋሱን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ዳሳሾች አሉ። ኤምካስ ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱ እንዳመለከተው በበረራ 302 የግራው ዳሳሽ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር ያሳየው። ሁለቱን የሚያነጻጽር ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ልዩነቱ በራሱ ስሕተት መኖሩን በተናገረ ነበር። በ2015 አንድ የቦይንግ መሐንዲስ ሥርዓቱ ለአንድ ዳሳሽ ብልሽት የተጋለጠ እንዳይሆን በኢሜይል ጠይቆ እንደነበር በኋላ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቧል።

በእኛም ሥራ እንዲሁ ነው። ስለ አንድ ባልደረባ የሰማነው ከአንድ ሰው አፍ ብቻ ከሆነ፣ የታማሚው ትኩሳት በአንድ መሣሪያ ብቻ ከተለካ፣ የመጋዘኑ ዕቃ በአንድ ሰው ብቻ ከተቆጠረ፣ ከመወሰን በፊት ሁለተኛ ምንጭ መፈለግ ይገባል። አበው «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ያሉት ለልብስ ሰፊ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ግምታችን ተፈትኗል ወይ?

ንድፉ የተመሠረተው ኤምካስ ቢሳሳት አብራሪዎች በአራት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ችግሩን ለይተው ይመልሱታል በሚል ግምት ላይ ነበር። በ2012 አንድ የኩባንያው የሙከራ አብራሪ በማስመሰያ ክፍል ውስጥ ለመመለስ ከአሥር ሴኮንድ በላይ ፈጅቶበት ነበር። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ግምቱ በአንድ ጊዜ የሚጮኹ ብዙ ማስጠንቀቂያዎች በአብራሪው ላይ የሚያሳድሩትን ጫና ከግምት እንዳላስገባ አመልክቷል።

ግምት ያለ ስሙ ሲቀመጥ እውነት ይመስላል። ስለዚህ «ይህ እንዲሳካ ምን ምን እውነት መሆን አለበት?» ብሎ በወረቀት ላይ መዘርዘር ጥሩ ልማድ ነው። የሥራ መርሐ ግብር ስታወጡ «ማንም አይታመምም» የሚል ያልተጻፈ ግምት አለበት? በጽሑፍ ሲወጣ ድክመቱ ወዲያው ይታያል።

ሦስተኛ፦ ጥቅም ዓይናችንን ጋርዶታል ወይ?

ቦይንግ ለሳውዝዌስት በገባው ውል መሠረት፣ አዲሱ አውሮፕላን በማስመሰያ ክፍል የሚሰጥ ሥልጠና የሚጠይቅ ከሆነ ለእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ይቀንሳል። ይህ ዓይነቱ ውል አንድ መልስ ብቻ እንዲፈለግ ያደርጋል፤ «ሥልጠና አያስፈልግም» የሚለውን። አብራሪዎችም ስለ ኤምካስ በመመሪያቸው ውስጥ ሳያነቡ በረሩ። በጥቅም የተያዘ አእምሮ ሆን ብሎ ላይዋሽ ይችላል፤ የሚፈልገውን ማስረጃ ቶሎ ያገኛል፣ የማይፈልገውን ግን አጥብቆ ይመረምራል። ውሳኔው የሚመቸን ሲሆን ከማይመቸን ይልቅ ጠንከር ያለ ፍተሻ ልናደርግበት ይገባል።

አራተኛ፦ «አይሆንም» የሚለውን ሰማነው?

በሰኔ 2018 አንድ የሬንተን ፋብሪካ ከፍተኛ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹ በድካምና በጥድፊያ ውስጥ መሆናቸውን ገልጾ ምርቱ ለጊዜው እንዲቆም ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። የአደጋዎቹ ምክንያት ተብሎ የተለየው ኤምካስ እንጂ እርሱ ያነሣው የፋብሪካ ችግር አይደለም፤ ሆኖም ማስጠንቀቂያው የተስተናገደበት መንገድ ትምህርት ይሰጣል። ምርቱ አልቆመም።

በእኛ ባህል ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። ይሉኝታ አለ፤ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚል ብሂልም አለን። ታላቅን ማክበር መልካም ነው፤ ዝምታ ግን አክብሮት አይደለም። ለአለቃ ሐሳብን በአክብሮት ማቅረብ ይቻላል፦ ያየነውን ነገር እንናገራለን፣ የሚያሰጋንን እንገልጻለን፣ መፍትሔ እንጠቁማለን፣ ከዚያም ምላሽ እንጠይቃለን። አለቃ የሆነ ሰው በበኩሉ በስብሰባ ላይ ሐሳቡን መጨረሻ ላይ ቢናገር ሌሎቹ በነጻነት ይናገራሉ።

አምስተኛ፦ አዲስ መረጃ ሲመጣ ውሳኔውን እንለውጣለን?

ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2018፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባካሄደው ትንታኔ፣ ኤምካስ ካልተስተካከለ በአውሮፕላኑ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል ተጨማሪ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ተገምቶ ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን ማሻሻያው እየተዘጋጀ መብረራቸውን ቀጠሉ። በአሜሪካ የታገዱት በረራ 302 ከወደቀ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ውሳኔ ስናሳልፍ አስቀድመን «ይህን ካየን እናቆማለን» የሚል ወሰን ብናስቀምጥ፣ ጊዜው ሲደርስ ከራሳችን ጋር ከመከራከር እንድናለን።

ዋጋው በፎርት ዎርዝ

በጥር 2021 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በቴክሳስ ሰሜናዊ አውራጃ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በፎርት ዎርዝ፣ ቦይንግን ተቆጣጣሪውን በማታለል ሤራ ከሰሰ፤ ኩባንያውም ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 500 ሚሊዮን ዶላር ለሟቾች ቤተሰቦች የተመደበ ነበር። በጥር 2023 ቤተሰቦቹ በዚያው ከተማ ችሎት ፊት ቆመው ስለ ወዳጆቻቸው ተናገሩ። አንድ የቀድሞ የኩባንያው ዋና የቴክኒክ አብራሪ በዚሁ ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2022 በዳኞች ጉባኤ ነጻ ተብሏል። በወቅቱ በየደረጃው የተላለፉት ብዙ ትናንሽ ውሳኔዎች ውጤት የት እንደሚያደርስ ችሎቱ አሳይቷል።

ዛሬ የምትጀምሩት ልምምድ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጋሪ ክላይን ያስተዋወቁት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ትልቅ ውሳኔ ከመጽደቁ በፊት ቡድኑ ተሰብስቦ «ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ውሳኔያችን ፈጽሞ ከሽፏል። ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ሰው ለጥቂት ደቂቃ በዝምታ ምክንያቶቹን ይጽፋል፤ ከዚያም በየተራ ይነበባል። ውድቀቱ እንደተፈጸመ ስለሚታሰብ ችግር መናገር ክፉ መመኘት መሆኑ ይቀርና የሥራው አካል ይሆናል፤ ይሉኝታም ይቀንሳል።

በሚቀጥለው ሳምንት የሚጠብቃችሁን አንድ ውሳኔ ምረጡ። አምስቱን ጥያቄዎች ጻፉና በእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ መስመር መልስ አስፍሩ። መልስ ያጣችሁበት ጥያቄ ቢኖር፣ ከመወሰናችሁ በፊት ማንን ማነጋገር እንዳለባችሁ የሚያመለክታችሁ እርሱ ነው።