ለፓስፖርት ከማመልከት በፊት የልደት ቀንን ማጥራት

ጥያቄ፦ በልደት ምስክር ወረቀቱና በመታወቂያው ላይ የሰፈረው የልደት ቀን የማይገናኝ ሰው ለፓስፖርት ከማመልከቱ በፊት ምን ሊያደርግ ይገባዋል?

መልስ፦ አመልካቹ ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ከመሄዱ በፊት የተሳሳተውን ሰነድ በሰጠው መሥሪያ ቤት ማሳረም ይኖርበታል፤ የልደት ምስክር ወረቀት ከሆነ የሚታረመው በክብር መዝገብ ሹም፣ ማለትም ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን የመመዝገብ ሥልጣን በተሰጠው ሠራተኛ ዘንድ ነው። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የዘመን ልወጣው ነው። ኅዳር 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ልደቱ ኖቬምበር 19 ቀን 1997 ሲሆን፣ ጥር 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደው ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ላይ ስለሚውል፣ ለሁሉም ወር 8 ዓመት የሚደምር ሰው የመጀመሪያውን አመልካች ዕድሜ በአንድ ዓመት ያሳንሳል። ይህ ጥቃቅን የሚመስል ስህተት በፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ባለው፣ እያንዳንዳቸው 44 ምልክቶች በያዙት ሁለት በማሽን የሚነበቡ መስመሮች ውስጥ ከታተመ በኋላ ወደ ቪዛና ወደ መኖሪያ ፈቃድ ስለሚሻገር፣ ማመልከቻው ጥቂት ቢዘገይም አስቀድሞ ማሳረሙ እጅግ ይመረጣል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው የአመልካቹ፣ የአባቱና የአያቱ ስምም ከትምህርት ማስረጃው ጋር ፊደል በፊደል ሊመሳከር ይገባል።