ዋጉ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ በባሌና በአርሲ «ዲጋሉ» የተባለው የስንዴ ዝርያ በግንድ ዋግ ክፉኛ ተመታ። ዝርያው ከ2010 የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ በሰፊው የተሠራጨው ቢጫ ዋግን ብቻ ሳይሆን ዩጂ99 የተባለውን አስፈሪ የግንድ ዋግም ስለሚቋቋም ነበር። ሆኖም አንዳንዱ ማሳ ለአጨዳ እንኳ አልበቃም። ዩጂ99 ራሱ ተለውጦ ነውን? ወይስ ሌላ ዋግ መጣ? ጥያቄው የምሁራን ጨዋታ አይደለም፤ ለቀጣዩ ዘመን የሚዘራው ዝርያ የሚመረጠው በመልሱ ነውና።

የዲጋሉ የግንድ ዋግ መከላከያ በዋነኛነት የተመሠረተው ኤስአር ቲኤምፒ በተባለ አንድ ጂን ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጂን ፈንገሱ የሚያመነጨውን አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ለይቶ የተክሉን መከላከያ ይቀሰቅሳል። ፕሮቲኑ የተለወጠበት ወይም የጎደለው ፈንገስ ሲመጣ ግን ስንዴው ጠላቱን አያውቀውም። አገር ምድሩ በአንድ ዝርያ በተሸፈነበት ዓመት ሌሎቹ ዋጎች ሲመነምኑ ይህ አንዱ ይበዛል፤ የተፈጥሮ ምርጫ ማለት ይኸው ነው።

ዋግን ለመለየት የቆየው ዘዴ የተለያዩ ጂኖችን በያዙ 20 የስንዴ ዓይነቶች ላይ መፈተን ነው። ውጤቱ በአምስት የላቲን ፊደላት ይጻፋል፤ ዩጂ99 ቲቲኬኤስኬ፣ የዲጋሉ አጥቂ ደግሞ ቲኬቲቲኤፍ ይባላል። ፊደላቱ ግን ፈንገሱ ማንን እንደሚያሸንፍ እንጂ ከማን እንደተወለደ አይነግሩንም፤ አንዲት ሚውቴሽን ፊደል ልትለውጥ ትችላለች። ስለዚህ ከማጥቃት ችሎታ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን የዲኤንኤ ምልክቶች እናነጻጽራለን። ዋግ በስንዴ ላይ የሚራባው ኢ-ጾታዊ በሆነ መንገድ ስለሆነ (ጾታዊው ርቢ የሚፈጸመው ባርበሪ በተባለ ቁጥቋጦ ላይ ነው) የአንድ ሐረግ ልጆች በእነዚህ ምልክቶች እጅግ ይመሳሰላሉ። ንጽጽሩም ቲኬቲቲኤፍ የዩጂ99 ቤተሰብ እንዳልሆነ አሳየ። ዲጋሉን የጣለው ሲጠበቅ የነበረው ጠላት አልነበረም።

የዩጂ99 የራሱ ትውልድም ያልታሰበ ሆኖ ተገኘ። ስንዴን የሚያጠቃው የዚህ ፈንገስ ሕዋስ ሁለት ኒውክለሶች ይይዛል። በ2019 የታተመ የጂኖም ጥናት እንዳመለከተው፣ ከዩጂ99 ኒውክለሶች አንዱ ከ1954 ጀምሮ በአውስትራሊያ የሚታወቅ የቆየ ሐረግ ከያዘው ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። ባርበሪ ሳያስፈልግ የሁለት ዋጎች ክሮች ተጋጥመው ኒውክለስ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። አዳቃዮች በአንድ ዝርያ ላይ ብዙ ጂኖችን የሚደርቡት ፈንገሱ ሁሉንም በሚውቴሽን የሚያልፍበት ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው በሚል ስሌት ነው። ኒውክለስ በሙሉ በአንዴ የሚሻገር ከሆነ ስሌቱ ይህንንም መንገድ መቁጠር ይኖርበታል።