በረኪናን ስለ መያዝና በችግር ጊዜ ውሃን ስለ ማከም

የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ ወይም ጎርፍ ምንጩን ሲበክል፥ ውሃን አፍልቶ መጠጣት ከሁሉ የሚበልጥ ዘዴ ነው። ማገዶ የታጣ እንደ ሆነ ግን ልብስ የምናነጣበት በረኪና ሊረዳን ይችላል፤ ክሎሪኑ የኮሌራንና የታይፎይድን ተሐዋስያን ይገድላልና።

የደፈረሰ ውሃ አስቀድሞ ይዝቀጥ፤ በንጹሕ ጨርቅም ይጠለል። ከዚያም ኃይሉ ከመቶ 5 እስከ 6 የሆነ፥ ሽቶና ሳሙና የሌለበት በረኪና ለ1 ሊትር 2 ጠብታ፥ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ይጨመር፤ ተጠልሎም ካልጠራ መጠኑ እጥፍ ይሁን። አማስሎና ከድኖ 30 ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። ጥቂት የክሎሪን ሽታ ካልተሰማ ያንኑ መጠን ደግሞ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ዳግመኛም ካልሸተተ ውሃው አይጠጣ።

ሽታው የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት የበረኪናው መድከም ነው። ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ኃይሉን ስለሚቀንሱ፥ በመጣበት ዕቃ ተከድኖ፥ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ፥ የሕፃናት እጅ በማይደርስበት ስፍራ ይቀመጥ፤ ከ1 ዓመት በላይ የቆየውም ለዚህ ተግባር አይዋል። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጠው ኃይሉ አይታወቅም፤ ሕፃናትም ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል። ከአሲድ ወይም ከአሞኒያ ጋር ቢቀላቀል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው፥ ተማሪዎችም ለወላጆቻቸው እንዲያስረዱ እናሳስባለን።