ትንሿ ሰርቨር ከጓዳ አትውጣ

1. ልጄ፣ የሠራኸውን ገጽ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርገህ መክፈት ይቅርብህ። ያኔ ብሮውዘሩ የሚያነበው ከሰርቨር ሳይሆን በቀጥታ ከዲስክህ ነው። የጃቫስክሪፕት ሞጁሎችህ አይጫኑም፤ በሰያፍ መስመር የሚጀምር የምስል አድራሻም ፕሮጀክትህን ትቶ የዲስኩን ሥር ይፈልጋል። ጤነኛ ኮድ ስትፈታትሽ ታድራለህ።

2. ትልቅ ነገር አትጫን። ፓይተን 3 ካለህ አብራው የምትመጣው የኤችቲቲፒ ሰርቨር ትበቃሃለች። ተርሚናሉን ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ክፈትና በአንድ መስመር ትእዛዝ አስነሳት፤ ሌላ ካላልካት ፖርት 8000 ላይ ትቀመጣለች። ፖርቱ ተይዟል ካለችህ 8001 ስጣት። ኢንተርኔት አትፈልግም፤ ኔትወርክ በጠፋ ቀንም ሥራህ አይቆምም። የአማርኛ ፎንትህን ግን ከሩቅ አትጥራ፣ እዚያው ፎልደርህ ውስጥ አስቀምጠው።

3. አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ይኼኛው ይብሳል። ሰርቨሯ በተለመዱት ስሪቶቿ የፋይሉን ኢንኮዲንግ ለብሮውዘሩ አትነግርም። ገጹም ዝም ካለ ብሮውዘሩ ይገምታል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ግምቱ ሲስት እያንዳንዱ ፊደል ሦስት እንግዳ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ብዙ ልጆች ይህን ሲያዩ ፎንት ይቀያይራሉ፤ ከንቱ ድካም ነው። ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚገልጸውን ሜታ ታግ በኤችቲኤምኤሉ ራስጌ፣ ከመጀመሪያዎቹ 1024 ባይት ሳታልፍ ጻፍ።

4. ያስተካከልከው ካልታየህ ካሼውን አልፈህ ገጹን እንደገና ጫን።

5. ሰርቨሯን ከ127.0.0.1 ጋር እሰራት። ካላሰርካት በዚያው ዋይፋይ ላይ ላለ ሁሉ ትመልሳለች። ቤትህ ሆነህ ገጹን በስልክህ ለማየት ይመቻል፤ ካፌ ውስጥ ግን ጎረቤት ወንበር ላይ የተቀመጠውም ያያል። ፎልደሩ ኢንዴክስ ፋይል ከሌለው ደግሞ ያለውን ሁሉ ዘርዝራ ታሳየዋለች፤ የይለፍ ቃል የጻፍክበትን ፋይልና የጊት ታሪክህን ሳይቀር።

6. የፋይል ስሞችን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ብቻ ጻፍ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም፤ ሊነክስ ይለያል፤ ምስልህ የሚጠፋው እዚያ ስትደርስ ነው።

7. ደንበኛ ሲያጣድፍህ «ይቺው ትበቃለች» ብለህ ለሕዝብ አታውጣት። የፓይተን ሰነድ ራሱ ለዚያ ሥራ አትመከርም ይላል፤ የምታደርገው መሠረታዊ የደኅንነት ፍተሻ ብቻ ነውና። ፋይሎቹን እንዳሉ ወስደህ ለኤንጂንኤክስ ስጥ፤ ለደንበኛውም አንድ ቀን ጨምርልኝ በለው።