ርብ ሲሞላ ከክፍል የሚቀረው ልጅ

በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ትምህርት ዕቅድና ስለ መርጃ መሣሪያ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዕጩ መምህራን ዛሬ የምናነሣው ወንበሩን ባዶ ትቶ ስለ ቀረው ልጅ ነው።

ከይፋግ እስከ ወረታ ያለውን ሜዳ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲበረታ ርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳውንም መንገዱንም ያጥለቀልቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ የደረሰውማ የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ደግሞ በመስከረም፣ ውኃው ገና ሳይጎድል ነው። ኅዳር ሲጠባ የሩዝ አጨዳው ይመጣል። ያን ጊዜ እጅ ያለው ሁሉ ማሳ ላይ ይፈለጋል።

ይህን ሁሉ «ድህነት ነው» ብሎ መዝጋት ይቻላል። ይሁን እንጂ እኩል ድኻ ከሆኑ ሁለት ልጆች አንዱ ቀርቶ አንዱ የሚዘልቀው ለምንድን ነው?

ከመካከላችን አንዱ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ጭቃ እያቦካ አንድ ትምህርት ቤት ይመላለስ ነበር። ደወል ከተደወለ በሩ ይዘጋል፤ ያረፈደ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ወላጅ አጨዳ ላይ ነው፣ ከየት ይምጣ? የእኛው ጓደኛ አጥር ዘሎ ይገባ ነበር (ነገ መምህር ለሚሆን ሰው ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው)። አንድ ቀን መምህሩ እስከ ጉልበቱ ርሶ አዩትና «ግባ ልጄ፣ ሱሪህን ጨምቀህ ተቀመጥ» አሉት። ጎረቤቱ ዓይን አፋር ነበር፤ አጥር አይዘልም። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ከበር ተመለሰ፣ በአራተኛው አልመጣም። አሁን ወረታ ገበያ ሩዝ ይሸከማል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያን አስቀርቷል። ደብተሩና የደንብ ልብሱ ግን ከወላጅ ኪስ ነው። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ተማሪ ከቤት ያመጣው እንጀራ ሐሙስ ላይ ይሻግታል፤ ዓርብ በባዶ ሆዱ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ተጀምሯል፤ ሜዳችን ግን ገና ነው። የሴቶቹ ደግሞ ይብሳል። መጸዳጃው በር ከሌለው፣ ውኃም ከሌለ፣ የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ በየወሩ ትቀራለች። የቀረችበትን የሚደግምላት ከሌለ ፈተና ላይ ትወድቃለች፤ ከዚያ ቤት ውስጥ ስለ ጋብቻ መወራት ይጀመራል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ግጭቱ ያዘጋቸው ትምህርት ቤቶች ነገር ለብቻው መጻፍ ያለበት ነው።

እኛ ወንዙን መገደብ አንችልም። በሩ ግን በእጃችን ነው። ለልምምድ ስንወጣ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብቻ ሳይሆን ለምን እንደ ቀረ ልንጽፍ፣ የመስከረሙን ትምህርትም በጥቅምት ልንደግም ተስማምተናል። በአንዱ ነገር ግን አልተስማማንም። አንዲት ጓደኛችን «ያረፈደ ሁሉ ከገባ በሰዓቱ የሚመጣው ምን ይማራል?» ትላለች። ነገሯም ቀላል አይደለም። መምህሮቻችን በዚህ ላይ ያላችሁን ሐሳብ ከዚሁ ጽሑፍ ጎን ብትለጥፉልን እናነባለን።