ገንዘብ ወይስ እቃ? ከሶማሊያው ረሃብ የምንማረው



ባለፈው ረመዷን ጀመዓችን በግጭት ለተፈናቀሉ ወገኖች ልብስ ሰብስቦ መላኩን ታስታውሳላችሁ። ጆንያዎቹን መኪና ላይ ከጫኑት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከወር በኋላ እዚያ ላለ አንድ ወንድም ስደውል ልብሱ ገና ከመጋዘን አልወጣም። ሰዎቹ የታደላቸውን ስንዴ የሚያስፈጩበት ገንዘብ አጥተው ከስንዴው ላይ እየሸጡ የወፍጮ ይከፍሉ ነበር። ኒያችን ኸይር ነበር፤ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አስቀድሞ ደውሎ አልጠየቀም። ዘንድሮም ኮሚቴው ገንዘብ ይላክ ወይስ እቃ በሚለው ላይ ስላልተስማማ፣ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ የተገኘ አንድ ትምህርት ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ «ዴይር» የሚባለው ዝናብ ቀረ፤ ተከትሎ የመጣው «ጉ»ም ደካማ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ጁላይ 20 ቀን 2011 በደቡብ ባኮልና በታችኛው ሸበሌ ረሃብ መግባቱን አወጀ። ብዙ ሺህ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ እኛው ዶሎ አዶ መጡ። በኋላ በተደረገ ጥናት በዚያ ረሃብ ወደ 260,000 የሚጠጋ ሰው እንደሞተ ተገምቷል፤ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። ማስጠንቀቂያው ከወራት በፊት ተሰጥቶ ነበር። ሆኖም የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ በደቡቡ ሥራውን አቁሟል፣ አልሸባብ ድርጅቶችን ይከለክላል፣ ለጋሽ አገሮች ደግሞ ገንዘባችን ታጣቂ እጅ ይገባል ብለው ፈርተዋል። በዚህ መሃል ሕዝቡ አለቀ።

የጭነት መኪና በማይገባበት አገር ምን ይደረጋል? መልሱ የተገኘው ከሶማሊያውያን ከራሳቸው ነው፤ ሐዋላ። መንግሥት በፈረሰባቸውና ባንክ በሌለባቸው ዓመታት ሁሉ ናይሮቢ ወይም ዱባይ ያለ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ የሚልከው በዚህ ነበር። እዚህ ያለው ወኪል ብሩን ይቀበላል፣ እዚያ ያለው ከራሱ ካዝና ይከፍላል፣ ሂሳቡን በኋላ በንግድ ያወራርዳሉ። የእርዳታ ድርጅቶች በዚሁ መንገድ ለቤተሰቦች ገንዘብ ማድረስ ጀመሩ። ገበያው አልቆመም ነበር፤ ነጋዴው ሩዝ ያስገባል፣ ማሽላውም በዋጋ ይገኛል። የጠፋው የመግዣ አቅም ነው። ገንዘቡ ሲደርስ ነጋዴው እህሉን በራሱ ጭኖ አመጣ።

የዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) የሩማ ጉድጓድ ታሪክ በዚህ ዓይን ሲታይ ይገርመኛል። ሙሃጂሮቹ መዲና ሲገቡ ተፈናቃዮች ነበሩ። ጣፋጭ ውሃ ነበር፤ ግን የሚገኘው በክፍያ ነው። ዑስማን ጉድጓዱን ገዝተው ለሁሉም ወቅፍ አደረጉት። ያነሱት ዋጋውን ነው።

ሐዋላ ግን ሁሉን አልፈታም። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ማን ነው? በሞቃዲሾ የተፈናቃይ ሰፈሮች የቦታው «ጠባቂዎች» ከተረጂው ላይ ድርሻ ይወስዱ ነበር። በረሃቡ በብዛት የሞቱት የራሐንዌይንና የሶማሊ ባንቱ ገበሬዎች፣ ማለትም ጠንካራ ጎሳና ውጭ አገር የሚልክ ዘመድ የሌላቸው ናቸው። ብዙ ጊዜ «የአገር ሽማግሌ ያውቃል» እንላለን፤ ያውቃል፣ ግን የራሱን ሰው አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። በእኛ ሙያም ያው ነው። ስፌር የሚባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር፣ ለ500 ሰው አንድ የእጅ ፓምፕ ይላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ፓምፑ በማን ሰፈር ይተከል የሚለው ነው። ሁለት ወገን በተጣላበት ቦታ አንዱ ሰፈር ብቻ ከተተከለ ሌላ ጠብ ቆፍረናል ማለት ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ገበያው ክፍት ከሆነና ወፍጮው ከሠራ ገንዘብ እንላክ፤ መንገዱ ተዘግቶ ሱቁ ባዶ ከሆነ ብቻ እቃ። ከመወሰናችን በፊት ከተፈናቃዮቹ ቢያንስ ለሦስት ሰው እንደውል፤ ለሽማግሌ፣ ልጆች ላሏት እናት፣ እዚያ በቁጥር አናሳ ከሆነው ወገን ደግሞ ለአንድ ሰው። ስም ዝርዝሩን ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች ያመሳክሩት። ሂሳቡም ይጻፍ። የቁርኣን ረጅሙ አያህ (አል-በቀራ 282) ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው፤ «ወንድማማቾች ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የሚለው ክርክር ስለዚህ አይገባኝም።

ኮሚቴው ሐሙስ ከዒሻእ ሶላት በኋላ ይሰበሰባል። በተፈናቃዮቹ መካከል ዘመድ ያላችሁ፣ በተለይ ከእናቶች ጋር መነጋገር የምትችሉ እህቶች፣ ስልክ ቁጥራቸውን ይዛችሁ ኑ።