ዘፈኑን እናውቃለን፤ ታሪኩንስ?

በሶር አካባቢ ቡና ሲለቀም ዘፈን አለ። በደቦ ሲታረም፣ በሠርግ፣ በበዓልም ዘፈን አለ። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ይቀበላል። እኛም ከልጅነታችን ጀምረን ስንቀበል ኖረናል። ታዲያ ይህን ዘፈን መጀመሪያ ያወጣው ማን ነው? ምን ቢገጥመው ነው ይህን ቃል የተናገረው? ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

የሶርን ፏፏቴ አይተን እንደነቃለን። ውሃው ግን ከየሸለቆው ከሚፈልቁ ትናንሽ ምንጮች የተሰበሰበ ነው። ሶር ወደ ገባ ይፈሳል፤ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል። ዘፈንም እንዲሁ ነው። በሬዲዮ ሲመጣ አገር ሁሉ ይሰማዋል፤ ምንጩ ግን የአንድ ሰው ኑሮ ነው። ይህን ለመረዳት የሁለት ታላላቅ ዘፋኞችን ታሪክ እንመልከት።

ዘፈን ከምን ከምን ይሠራል?

አንድ ዘፈን ሦስት ነገሮች አሉት። እነርሱም ግጥም፣ ዜማና ድምፅ ናቸው። ግጥም ቃሉ ነው። ዜማ ቃሉ የሚሄድበት መንገድ ነው። ድምፅ ደግሞ የዘፋኙ ነው። ብዙ ጊዜ ግጥሙን አንዱ ይጽፋል፣ ዜማውን ሌላው ይደርሳል፣ ሦስተኛው ይዘፍነዋል። አንዳንድ ዘፋኝ ግን ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ያወጣል። እንዲህ ያለው ሰው ሲዘፍን ያየውንና የደረሰበትን ይነግረናል።

የዓሊ ስም ከየት መጣ?

ዓሊ ቢራን የማያውቅ የኦሮምኛ ዘፈን ወዳጅ የለም። የተወለደው በድሬዳዋ ሲሆን ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዓሊ መሐመድ ሙሳ ነው። ታዲያ «ቢራ» የሚለው ከየት መጣ? አንዳንድ ሰው ስሙን ሲሰማ መጠጡ ይመስለዋል። አይደለም! በኦሮምኛ ቢራ ማለት ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው። በአማርኛም «ብራ ሆነ» እንል የለም? ያው ነው።

ዓሊ በ1950ዎቹ፣ ገና ልጅ ሳለ፣ አፍራን ቀሎ ከሚባለው የድሬዳዋ የኪነት ቡድን ጋር ተቀላቀለ። እዚያ መጀመሪያ የዘፈነው ዘፈን ስለ ብራ ወቅት መንጋት የሚናገር ነበር። ሕዝቡም ዘፈኑን ከልጁ ጋር አያይዞ «ዓሊ ቢራ» አለው። ሰው ለዘፈን ስም ያወጣል፤ ለዓሊ ግን ዘፈኑ ስም አወጣለት።

በዚያን ዘመን በኦሮምኛ በአደባባይ መዝፈን ቀላል አልነበረም። መንግሥቱ ቡድኑን በጥርጣሬ ያየው ነበር። አባላቱ ታሰሩ፤ ተበተኑም። ዓሊ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍልም ሠራ። ከዚያ በኋላ በኦሮምኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛም ዘፈነ። ብዙ ዜማዎችን ራሱ ደረሰ፤ የሌሎች ገጣሚያንንም ቃል ዘፈነ። በ2002 ዓ.ም. የጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በ75 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ይህን ካወቅን በኋላ ያ የብራ ዘፈን እንደ ድሮው ይሰማናልን? አይሰማንም። በቋንቋው መዝፈን አስቸጋሪ በሆነበት ጊዜ «ክረምቱ አለፈ፣ ነጋ» ብሎ መዝፈን ለሰሚው ትልቅ ተስፋ ነበር።

ከብት ጠባቂው ልጅ

ከመቱ በበደሌና በነቀምት አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሰው አምቦን ያውቃታል። ሐጫሉ ሁንዴሳ የተወለደው በዚያች ከተማ ነው። እንደ ብዙዎቻችን ልጆች ከብት ይጠብቅ ነበር። በትምህርት ቤትም በክበብ ውስጥ ይዘፍን ነበር።

ሐጫሉ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ በፖለቲካ ምክንያት ታሰረ። አምስት ዓመት በአምቦ እስር ቤት ቆየ። የጉርምስና ዘመኑ በግድግዳ መካከል አለፈ። ሆኖም ጊዜውን እንዲሁ አላባከነውም። ግጥም መጻፍንና ዜማ መድረስን የተማረው እስር ቤት ውስጥ እንደ ሆነ ኋላ ራሱ ተናግሯል። ከመታሰሩ በፊት ይህን አያውቅም ነበር። በ2000 ዓ.ም. ተፈታ። በማግስቱ ዓመት «ሰኚ ሞቲ» የተባለው የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። ትርጉሙ «የንጉሥ ዘር» ማለት ነው። በአልበሙ ውስጥ ካሉት ዘፈኖች አብዛኞቹ እስር ቤት ውስጥ የተደረሱ ናቸው።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ያን አልበም በሠርግ የጨፈረበት ሰው ብዙ ነው። ከዘፈኖቹ ጀርባ ግን የታሰረ ልጅ አለ።

የፍቅር ዘፈን የሚመስለው

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሐጫሉ «ማላን ጅራ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። «ምን ኑሮ አለኝ?» እንደ ማለት ነው። ላይ ላዩን ሲሰሙት ከሚወዳት የተለየ ሰው እሮሮ ነው። ነገር ግን ዘፈኑ ጉለሌን ያነሳል። ጉለሌ ዛሬ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ነው። ጥንት ግን በዚያ ይኖሩ የነበሩ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰው ዘፈኑን ከመሬቱ የተለየ ሕዝብ ጥያቄ አድርጎ ሰማው። አባቶቻችን ይህን ሰምና ወርቅ ይሉታል። ሰሙ ፍቅር ነው፤ ወርቁ መሬት ነው።

ጊዜውንም እናስታውስ። ያኔ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያቀናጅ ማስተር ፕላን የተባለ ዕቅድ ነበር። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች «ከመሬታችን እንነቀላለን» ብለው ሰጉ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ዕቅዱ በጥር ወር ተሰረዘ። መሬት ለገበሬ ምን እንደ ሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ዘፈኑም በየቤቱ የገባው ሁሉም የራሱን ጭንቀት ስላገኘበት ነው።

ሐጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በትውልድ ከተማው በአምቦ ተቀበረ። ከሞቱ በኋላ በተነሣው ሁከትም የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ገና ያልተናገረው ታሪክ፣ ገና ያልደረሰው ዜማ አብሮት ቀረ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የዓሊና የሐጫሉ ታሪክ እንዴት ደረሰን? የጠየቃቸው ሰው ስለ ነበረ ነው። የተናገሩትን የጻፈና የቀዳ ሰው ስለ ነበረ ነው። በእኛ ቀበሌስ? ዘፈን የሚያወጡ ኦቦና አዴ የሉምን? አሉ እንጂ! አንዷ አዴ ልጃቸው ሩቅ አገር ሲሄድ ያወጡት እንጉርጉሮ ይኖራል። አንዱ ኦቦ ቡናው በውርጭ ሲመታ ያወጡት ይኖራል። እርሳቸው ሲሞቱ ዘፈኑ በሰው አፍ ሊቆይ ይችላል፤ ታሪኩ ግን ይቀበራል።

ፊደል ከቆጠርን ወዲህ ግን ይህን ማዳን እንችላለን። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። አሠራሩም እንዲህ ነው፦

1. ባለ ዘፈኑን አስፈቅደን እንጠይቅ።
2. ቃሉን በተዘፈነበት ቋንቋ እንዳለ እንጻፍ፤ የኦሮምኛውን በኦሮምኛ፣ የአማርኛውን በአማርኛ። የራሳችንን አንጨምርበት።
3. ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ገጥሞት እንዳወጣው እንጻፍ።
4. የጻፍነውን ለባለቤቱ እናንብብለት፤ የተሳሳተውን ያርመናል።
5. የባለቤቱን ስምና የጻፍንበትን ቀን ከታች እናስፍር።

እንዲህ ካደረግን ልጆቻችን ዘፈኑን ብቻ አይቀበሉም፤ ያወጣውን ሰውም ያውቁታል።

እንወያይ

1. ዓሊ «ቢራ» የተባለው ለምንድን ነው?
2. ሐጫሉ ግጥምና ዜማ መድረስን የት ተማረ?
3. «ሰሙ ፍቅር ነው፤ ወርቁ መሬት ነው» ማለት ምን ማለት ነው?
4. በአካባቢያችን ዘፈን የሚያወጣ ማን አለ? በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ ይጠይቀዋል?